በየኔታ ክንድ ላይ የጻፍኩት

ሰው ለገዛ አካሉ እንግዳ ነው። አይመስላችሁም? የቢቸናን ሰው ስለ ጎረቤቱ በሬ ጠይቁት፤ ከየት ገበያ እንደተገዛ፣ በየትኛው እግሩ እንደሚያነክስ፣ እናቱ የማን ላም እንደነበረች ሳይቀር ይነግራችኋል። ስለ ራሱ ትከሻ ጠይቁት፤ «ትከሻ ነዋ! መሸከሚያ» ብሎ ያልፋችኋል። ትከሻ እንዳለው ትዝ የሚለው ያመመው ዕለት ነው። ያን ዕለትም ቢሆን የት እንደሚያመው ስትጠይቁት «እዚህ ጋ» ይልና ከአንገቱ እስከ ወገቡ ያለውን አገር በሙሉ በመዳፉ ያካልልላችኋል።

እኔም ከዚሁ ሕዝብ ነኝ። ቢቸና ውስጥ ሹሩባ ስሠራ ነው የኖርኩት። ደንበኞቼ ራሳቸውንና አንገታቸውን ሳሽላቸው እንቅልፍ ይዟቸው ይሄድና ሲነቁ «ውዴ፣ እጅሽ መድኃኒት ነው» ይሉኝ ነበር። እንዲህ ያለውን ነገር ሲደጋግሙለት የማያምን ማን አለ? ሞጣ ላይ የማሳጅ ሥልጠና መከፈቱን የሰማሁ ጊዜ ቤቴን ቆልፌ ተመዘገብኩ። ጎረቤቶቼ ሳቁ። እሽትን በትምህርት ቤት መማር ማኘክን በትምህርት ቤት እንደመማር ነው አሉ። ቅቤና ጠንካራ አውራ ጣት ካለሽ ሌላው ምን ያደርግልሻል አሉ።

እውነቱን ለመናገር እኔም በሆዴ እንደዚያው ነበር የማስበው። የነቃሁት አሠልጣኛችን የክንድ ሥዕል ሰቅሎ ስም መጥራት ሲጀምር ነው። ዴልቶይድ፣ ብራኪያሊስ፣ ሱፕራስፒናተስ፣ ኢንፍራስፒናተስ... ይሄ የጡንቻ ስም ነው ወይስ ጠንቋይ የሚጠራው የዛር ሠራዊት? ለአንድ ትከሻ ይሄ ሁሉ ሎሌ? ንጉሥ እንኳ እንዲህ አልታጀበም።

የመጀመሪያው የተግባር ፈተና ላይ አብራኝ የምትማር ልጅ ክንዷን ዘረጋችልኝ። አሠልጣኙ ክርንን የሚዘረጋውን ጡንቻ አሳይኝ አለኝ። በሙሉ ልብ ከፊት ለፊት ጨብጬ ያዝኩ። እሱማ የሚያጥፈው ነው አለኝ። «ታዲያ ያጠፈ መዘርጋት ያቅተዋል?» አልኩት። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፤ እኔም ወደቅሁ። ሰኞ በድጋሚ እንደምፈተን፣ ያን ጊዜም ከወደቅሁ ከሚቀጥለው ዙር ጋር «ሀ» ብዬ እንደምጀምር ተነገረኝ።

እልህ የሚሉት ነገር ምን ዓይነት አስተማሪ እንደሆነ የወደቀ ያውቀዋል። በሳቅ የሸኘኝ ሰፈር በሳቅ ሲቀበለኝ ታየኝ። አይሆንም! ክንድን ሳላውቅ ሰኞን አላያትም ብዬ ቅዳሜ ማለዳ በደብረ ወርቅ በኩል ወደ ቢቸና በሚሄደው ሚኒባስ ተሳፈርኩ።

ችግሩ የሚጠናበት ክንድ ማግኘት ነው። ክንድ እንደ መጽሐፍ ከጎረቤት አይዋሱትም። ወንድሜን ብለምነው ይኮረኩረኛል ብሎ አመለጠኝ። ሌላ ሰው ሳጣ ወደ አጎቴ ሄድኩ። አጎቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ ቅኔ ሲያስተምሩ የኖሩ፣ ቅስናም ያላቸው መሪጌታ ናቸው፤ ዘመዱም ባዳውም «የኔታ» ነው የሚላቸው። እየፈራሁ ነገሬን ሳስረዳ በጥሞና አዳመጡኝና፣ «ለመማር ከሆነማ ክንዴም ያንቺው ነው» ብለው እጅጌያቸውን ሰበሰቡ።

እንዳይጠፋብኝ ብዬ በእያንዳንዱ ጡንቻ ላይ ስሙን በማርከር ጻፍኩ፤ በፊደላችን፣ ጎላ አድርጌ። የኔታ የራሳቸውን ክንድ እያነበቡ ቋንቋው የማን እንደሆነ ጠየቁኝ። ላቲን ነው፣ ዛሬ አፉን የፈታበት ሰው የለም ይባላል አልኳቸው። «እንግዲያስ ስም ያወጡልን ሙታን ናቸዋ!» ብለው ሳቁ። ከዚያ በኋላ ግን ሳቅ የለም። እንደ ቅኔ ተማሪ አቁመው ቃሌን ተቀበሉኝ። አንዱን ሳልይዝ ወደ ሌላው ማለፍ ክልክል ነው። በተሳሳትኩ ቁጥር «ተመለሺ!» ይላሉ፤ እመለሳለሁ። ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ስመለስ ዋልኩ።

ጉዱ የመጣው ስንጨርስ ነው። ማርከሩ አይለቅም። በሳሙና አሸሁት፣ በሎሚ ፈተግሁት፤ ቆዳቸው ቀላ እንጂ ዴልቶይድ ንቅንቅ አላለም። የኔታ ሰለቻቸውና፣ «ተይው ልጄ፤ እጅጌ ለምን ተፈጠረና?» አሉ።

በማግስቱ እሑድ ነው። ከቅዳሴ በኋላ ሰንበቴ ተቀመጥን፤ እኔ ከሴቶቹ ጋር ጠላ እቀዳለሁ። የኔታ ዳቦውን ሊባርኩ ተነሡ። ቀኝ እጃቸውን ከፍ ሲያደርጉ ያ ሰፊ የቀሚሳቸው እጅጌ ወርዶ ወርዶ ትከሻቸው ላይ ተጠቀለለ። ያ ሁሉ ጽሑፍ በጠራራ ፀሐይ ወጣ።

«በስመ አብ!» አለች አንዲት ሴት።

የሰንበቴው ሥርዓት አስከባሪ ጋሼ ገበየሁ መነጽራቸውን አድርገው ጠጋ አሉና እየቆጠሩ አነበቡ። «ብ... ራ... ኪ... ያ... ሊስ።» ቀና ብለው ሕዝቡን አዩ። «ይሄ የማን ስም ነው? ከመላእክት ወገን ነው እንዳልል አላውቀውም።»

ማጉረምረሙ ተጀመረ። ነገሩ ቀላል እንዳይመስላችሁ። የኔታ ክታብና ድግምትን ሲያወግዙ የኖሩ ሰው ናቸው፤ በእሳቸው ቃል ስንቱ ክታቡን ከአንገቱ በጥሷል። አሁን ያ ሕዝብ የዓመታት ክብራቸውን በአንድ ክንድ ሊመዝነው ነው። እኔስ? መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ ነበር፤ መሬት ግን ሲፈልጓት አትከፈትም። የኔታ እጃቸውን ሳያወርዱ በዓይናቸው ፈለጉኝና፣ «የጻፈችው እዚያ አለች። የጻፈ ይተርጉም!» አሉ።

ማንቆርቆሪያውን አስቀምጬ ወደ መሐል ወጣሁ።

ከትከሻ ጀመርኩ። የክንድ አጥንት ጫፉ ድቡልቡል እንደሆነ፣ የተቀመጠውም ጎድጓዳ ባልሆነ ነገር፣ ስኒ ማስቀመጫ ላይ እንዳለ ሎሚ እንደሆነ ነገርኳቸው። ለዚህ ነው ክንድ ወደፈለገው የሚዞረው፤ ለዚህም ነው ቶሎ የሚወልቀው። እነዚህ ስማቸው የሚያስፈራ ጡንቻዎች ሎሚው እንዳይንከባለል ዙሪያውን ጨብጠው የያዙ ዘበኞች ናቸው አልኩ። የኔታ ለቡራኬ ክንዳቸውን ሲያነሡ ሱፕራስፒናተስ ይጀምራል፣ ዴልቶይድ ይቀበለዋል። ክርን ደግሞ እንደ በር ማጠፊያ ነው።

ጋሼ ገበየሁ ግን የዋዛ ሰው አይደሉም። ነገሩ ንጹሕ ከሆነ ለምን በማይገባን ቋንቋ ተጻፈ አሉኝ። «ሐኪም በየትኛውም አገር ቢሆን በአንድ ስም እንዲጠራው ነው ጋሼ። እርስዎም እኮ አለዎት። እጅዎን ይስጡኝ።» መዳፋቸውን ወደ ላይ አድርጌ፣ እኔ ወደ ታች ስጫን እሳቸው ክርናቸውን ወደ ላይ እንዲያጥፉ፣ በግራ እጃቸውም የክንዳቸውን ፊት እንዲይዙ ነገርኳቸው። አጠፉት።

«ኧረ! ጠነከረ!» ብለው ጮኹ።

«ቢሴፕስ ማለት እሱ ነው። ጽዋ ሲቀበሉ መዳፍዎን ወደ ላይ የሚያዞረውም እሱው ነው።»

«እንግዲያስ ለሰንበቴ የተፈጠረ ነው!» አሉ። ሕዝቡ ሳቀ፤ እኔም ትንፋሼ ተመለሰ። ይሁን እንጂ ወዲያው፣ «ታዲያ ይሄው ራሱ ነው መልሶ የሚዘረጋው?» ብለው ጠየቁኝ።

ሞጣ ላይ የጣለኝ ጥያቄ ቢቸና ድረስ ተከትሎኝ መጣ። ያጠናሁት ሁሉ ከራሴ ብን ብሎ ጠፋ። ወደ የኔታ ዞርኩ፤ እሳቸውም «ተመለሺ» ብለው በዝግታ ነገሩኝ። ተመለስኩ። አጠገባቸው ያለውን ምሰሶ በእጃቸው እንዲገፉ ለጋሼ ገበየሁ ነገርኳቸው፤ ሲገፉም ክንዳቸውን ከፊትም ከኋላም ያዝኩ። የፊቱ ላላ። የኋላው እንደ ድንጋይ ሆነ።

«ከኋላ!» ብዬ የጮህኩት እኔ ነኝ። «ከኋላ ነው! ጡንቻ መጎተት እንጂ መግፋት አያውቅም፤ ያጠፈው መዘርጋት አይችልም! የፊቱ ሲጎትት ይታጠፋል፣ የኋላው ሲጎትት ይዘረጋል!»

ሰንበቴው ውስጥ የራሱን ክንድ ያልጨበጠ ሰው አልነበረም። አንዱ ያጥፋል፣ ሌላው ግድግዳ ይገፋል፣ ያቺ «በስመ አብ» ያለችው ሴት የባሏን ክንድ ከፊትና ከኋላ እየመረመረች «ያንተ የለም እንዴ?» ትለዋለች። የኔታ ዳቦውን ባረኩ፤ እጅጌያቸውን አልሰበሰቡም።

ሰኞ ሞጣ ላይ አለፍኩ። አሠልጣኙ የዚያኑ ጡንቻ ጥያቄ ደገመልኝ፤ ወደ ኋላ ሄጄ ትራይሴፕስን ከነመነሻው ከነመድረሻው አሳየሁት። የክንዱን ፈተና ያለፍን ሰዎች ቅዳሜና እሑድ በክንድና በትከሻ ላይ ብቻ እያሸን እንድንለማመድ ፈቀደልን። ከወገብ በታች ያለው ትምህርት ገና አልተጀመረም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ቢቸና የሹሩባ ቤቴን ከፍቼ፣ አንሶላ አንጥፌ፣ እጄን ታጥቤ ተቀመጥኩ። በሩን መጀመሪያ የረገጡት ጋሼ ገበየሁ ናቸው። ደስታዬን አትጠይቁኝ! የትኛው ትከሻዎ ነው አልኳቸው፤ ቀኙ ወይስ ግራው? ትከሻቸው እግዚአብሔር ይመስገን ደህና መሆኑን ነግረውኝ አንሶላው ላይ ቁጭ አሉና ሱሪያቸውን ወደ ላይ መሰብሰብ ጀመሩ። ለካ የሚያሰቃያቸው ጉልበታቸው ነው።

«ይቅርታ ጋሼ፣ እኔ እኮ ገና ጉልበት የለኝም» አልኳቸው፤ አልተማርኩትም ማለቴ ነበር።

ከእግር እስከ ራሴ ትክ ብለው አዩኝ። «በዚህ ዕድሜሽ ጉልበት ከሌለሽማ» አሉ ሱሪያቸውን እየመለሱ፣ «መጀመሪያ አንቺን የሚያሽ ሰው እንፈልግልሽ።»