ስለ ቀይ ኮከቦች አንዲት መስመር

በአገራችን ማንም ሰው እንከን የማይወጣላት አንዲት ወረቀት አለችው፤ እሷም ቀብሩ ላይ የምትነበበው የሕይወት ታሪኩ ናት። በኖረበት ዘመን ጎረቤት ያላስተኛ ሁሉ እዚያች ላይ «ሰው አክባሪ» ይሆናል። የማይዋሽባት ነገር ቢኖር የልጆቹ ቁጥር ነው፤ እሱም አልፎ አልፎ። እናንተም ፀሐይ ላይ ቆማችሁ፣ አንገታችሁን ደፍታችሁ፣ በሆዳችሁ «ቶሎ ባለቀ» ብላችኋል። እኔም ብያለሁ፤ የባለቤቴ ተራ እስኪደርስ።

ባለቤቴ እዚሁ አሰላ የፊዚክስ አስተማሪ ነበር። ከትምህርት ቤት ሲመለስ ሌሎች በትልልቅ ቴሌስኮፕ የሰበሰቡትን የኮከብ ብርሃን ኮምፒውተሩ ላይ ዘርግቶ ያጠናል። ከእኛ ጋላክሲ ወዲያ ድንክ የሚባሉ ትንንሽ ጋላክሲዎች አሉ፤ እዚያ ያሉት፣ አርጅተው ያበጡና የቀሉ ግዙፍ ኮከቦች ከምን እንደተሠሩ ማወቅ ነበር ሐሳቡ። ዓመታት ሙሉ ነገረኝ። እኔ ምስር እየለቀምኩ «እሺ» እለዋለሁ። አንድ ጊዜ ሐኪም ደምሽ ብረት አንሶታል ብሎኝ ኪኒን ስውጥ፣ «እኔም የምፈልገው ብረት ያነሳቸውን ነው» ብሎ ሳቀ። ተቆጣሁት።

በሞተ ማግስት ጠዋት የእድራችን ጸሐፊ አቶ ለማ ወረቀታቸውን ይዘው መጡ።

«እትዬ አልማዝ፣ የኮከቡን ነገር ብንተወውስ? ሰው ግራ ይገባዋል። አስተማሪ፣ የሦስት ልጆች አባት፤ ይበቃል።»

«ግራ ይግባው። ዕድሜውን የሰጠበት ነገር ተዘሎ አይቀበርም።»

«እንግዲያው አንዲት መስመር ይንገሩኝ። አንዲት።»

አፌን ከፈትኩ። ምንም የለም። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ሲባል ሰምቻለሁ፤ በእኔ ሲደርስ ግን እንዲህ አፍ የሚያስይዝ አልመሰለኝም ነበር። የአቶ ለማ እስክሪብቶ ይጠብቃል። ለቀስተኛውን ትቼ ጓዳ ገባሁና ስሌቱን የሚጽፍበትን ደብተሩን አወጣሁ። ገጹ ሁሉ ቁጥር ነው። መሀል ላይ ግን በአማርኛ የተጻፈች አንዲት ገጽ አገኘሁ፤ ለማን ብሎ በአማርኛ እንደጻፋት ያን ጊዜ አልጠየቅኩም። ቆሜ አነበብኳትና ወጥቼ አጻፍኩ፦ «ሩቅ ያሉ ቀይ ኮከቦች ከምን እንደተሠሩ ከብርሃናቸው ይመረምር ነበር።»

ቀብሩ ላይ ተነበበች። ማንም ግራ የገባው አልመሰለኝም። ማንም የሰማት አልመሰለኝም።

በሦስተኛው ቀን ድንኳን ውስጥ ከሳጉሬ የመጡ አንድ ሽማግሌ አጠገቤ ተቀመጡ። ኦቦ ገመዳ ይባላሉ፤ ገበሬ ናቸው፤ ልጃቸውን ባለቤቴ አስተምሮታል።

«ልጄ፣ ቀብሩ ላይ ያ ሰውዬ አንብቦ አለፈው እንጂ አልጨረሰውም። ከምን ነው የተሠሩት?»

ያቺ የአማርኛ ገጽ ትዝ አለችኝ። «ኦቦ፣ ኮከብም ትሞታለች። ስትሞት ውስጧ ያበሰለችውን፣ ብረቱንም ሌላውንም ትበትናለች። ቀጥላ የምትወለደው ያንን ይዛ ትወለዳለች። ብረቷ ያነሰ ኮከብ፣ ከፊቷ ብዙ አልሞቱላትም ማለት ነው።»

በከዘራቸው መሬቱን ነካ አደረጉ።

«ኤዬ፣ እንደ መሬት ነዋ። የአምናው ገለባ በስብሶ ነው የዘንድሮውን ገብስ የሚያበላው።»

«አዎ፣ እንደዚያ ነው።»

«ታዲያ ይሄን የመሰለ ነገር ይዞ፣ ምነው በቁሙ ለአንድ ሰው እንኳ ሳይነግር ሄደ?»

«ነግሯል» አልኳቸው። «ለእኔ።»