መደቡ የፈረሰ ሰሞን

የቤት ፋሽን እንደ ልብስ ፋሽን አይደለም። ልብሱን ሳጥን ውስጥ ከታችሁ ዘመኑ ተመልሶ እስኪመጣ ትጠብቃላችሁ፤ መደብ ግን አንዴ በዶማ ከፈረሰ ሳጥን አይገባም። መደብ ሳያዩ ያደጉ ልጆች ካሏችሁ፣ ግድግዳውን ተደግፎ ከጭቃ የሚሠራ መቀመጫ ነው በሏቸው፤ ቀን እንግዳ ይቀመጥበታል፣ ሲመሽ የቤቱ ልጅ ይተኛበታል።

በእኛ በአምቦና በአካባቢዋ ከተሞች መጀመሪያ የተሰናበተው ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው ጋዜጣ ነበር። ቀጥሎ የአቡጀዲው ኮርኒስ ሄደ፤ አይጦች ከላይ ሲሯሯጡ እንግዳ ፊት ማፈርም አብሮት ቀረ። ለሁለቱም አላዘንኩም። መደቡ ላይ ሲደረስ ግን ሰዉ የሚያፈርሰውን ሳያስተውል ያፈረሰ ይመስለኛል። መደብ ይቆረቁራል፣ አልክድም፤ ግን የተቀመጠበት ሰው እንደ ሰው ቀጥ ብሎ ተቀምጦ እንደ ሰው ይነሣል። ሶፋ ላይ ይሄ ዋስትና የለም።

እንዴት አወቅህ በሉኛ። ሽማግሌ ሆኜ ተልኬ ነዋ! አትሳቁ። ያኔ ገና ሠላሳ አራት ዓመቴ ነበር፤ ሽበት ያለጊዜው ስለወረረኝ፣ አብሮኝ የሚያስተምረው ታደሰ ጫልቱን ለማግባት ሽማግሌ ሲመርጥ ከኦቦ ቶሎሳ ጎን አሰለፈኝ። ኦቦ ቶሎሳ በአምቦ የታወቁ አስታራቂ ናቸው፤ አንደበታቸው ቀላል፣ ሰውነታቸው ከባድ፣ ጉልበታቸው ደግሞ የታመመ።

የጫልቱ አባት ኦቦ ረጋሳ ቤታቸው ጉደር ነው። ሁለት ጊዜ ሄደን ሁለት ጊዜ መልሰውናል። “አስተማሪ ዛሬ እዚህ ነው፤ ነገ ዝውውር መጣልኝ ብሎ ልጄን ይዞብኝ ይሄዳል” የሚል ነበር ምክንያታቸው። እንዳሉትም ታደሰ ወደ እንጭኒ ተዛወረ፤ ሊሄድ የቀረው ሁለት ሳምንት ብቻ ነበር። ሦስተኛ ከተመለስን አራተኛ የለም፤ ታደሰ ብቻውን ይሄዳል፣ በቃ። ይህን ጫልቱም ታውቃለች፣ እናቷ አዴ ወርቄም ያውቃሉ።

ለሦስተኛ ጊዜ ስንገባ መደቡ የለም። አዴ ወርቄ አስፈርሰውት በቦታው ላስቲኩ ያልተገፈፈ ቀይ ሶፋ አስገብተዋል። ሽማግሌ ደግሞ ጥያቄውን የሚያቀርበው ቆሞ ነው፤ የሚቀመጠው “እሺ” ሲባል ነው። ይህን ወግ ያስተማሩኝ ራሳቸው ኦቦ ቶሎሳ ናቸው። ግን ሚኒባስ ውስጥ ተጣጥፎ የመጣው ጉልበት ወጉን አስረሳቸውና “እስቲ ላንዳፍታ” ብለው አረፍ አሉ። ማለቴ፣ ሰመጡ። ላስቲኩ ተንጫጫ።

ኦቦ ረጋሳ ሰበብ አገኙ።

“ልጅ ቁጭ ተብሎ ነው እንዴ የሚጠየቀው? ቆማችሁ ከሆነ ልስማችሁ፤ ካልሆነ በሰላም ወደ ቤታችሁ ግቡ።”

“ዋቃዮ! ኧረ እየተነሣሁ ነው!” አሉ ኦቦ ቶሎሳ።

አልተነሡም። አንዴ ሞከሩ፣ ሁለቴ ሞከሩ፤ በሞከሩ ቁጥር ይብሱን ወደ ታች ይወርዳሉ። እኔ ከኋላ መግፋት ጀመርኩ። ላብ አጠመቀኝ። የጓደኛዬ ትዳር በአንድ ሽማግሌ ጉልበት ምክንያት ሊቀር መሆኑን ሳስብ፣ እውነቴን ነው፣ ባለኝ ኃይል ሁሉ ገፋሁ። በመጨረሻ ኦቦ ረጋሳም ለእንግዳቸው አዘኑ መሰለኝ፣ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ሳቧቸው። ኦቦ ቶሎሳ ድንገት ተነቅለው መጡና አባትየው ደረት ላይ አረፉ። ሁለቱም እንዳይወድቁ ተቃቀፉ።

ይሄኔ አዴ ወርቄ የጓዳውን መጋረጃ ገልጠው ብቅ አሉ። ባላቸውን አዩ፣ ሽማግሌውን አዩ።

እልልልልል!

የቅርብ ጎረቤት ተቀበለች፤ ከእሷ ማዶ ያለችውም ተቀበለች። ብዙም ሳይቆይ ቤቱ “በገ ገመደን! እንኳን ደስ አላችሁ!” በሚሉ ሰዎች ተሞላ። እስቲ እናንተ ብትሆኑ፣ በጎረቤት ፊት አንዴ የወጣን እልልታ እንዴት ትመልሱታላችሁ? ጫልቱ ከጓዳ በደስታ ስታለቅስ ይሰማ ነበር። ኦቦ ረጋሳ ለቅሶዋን ጥቂት አዳመጡና ዝቅ ባለ ድምፅ፣ “እንግዲህ ተቀመጡ” አሉ።

“ኧረ ቆሜ ይሻለኛል” አሉ ኦቦ ቶሎሳ።

ታደሰና ጫልቱ እንጭኒ ላይ ጎጆ ወጥተው ሁለት ልጆች አፍርተዋል። አንድ ቀን ልጠይቃቸው ብሄድ አዴ ወርቄን እዚያው፣ ትንሹን የልጅ ልጃቸውን አዝለው አገኘኋቸው። እኔም ጨዋታ ላምጣ ብዬ፣ “አዴ ወርቄ፣ ያን ቀን ተሳስተው እልል ባይሉ ኖሮ እኮ ይሄ ሁሉ አይኖርም ነበር” አልኳቸው።

ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

“መምህር፣ ሠላሳ ዓመት አብሬው ኖሬ እንቢ ሊል መሆኑን አጣዋለሁ? አፉን ሳይከፍት ልቅደመው ብዬ ነው እንጂ።”