ጥቁሯ ሳንቲምና አጣቢው ሌባ

«የሄደውን ነገር ይመልሰው ሲሉ… ም-ም-ም… ም-ም-ም…»

አጎቴ ይህን ዘፈን ዕድሜ ልካቸውን ሲያንጎራጉሩት ኖረዋል። ሁለተኛው ስንኝ ግን ከልጅነታቸው ጋር የሆነ ቦታ ቀርቷል። በግጥምና በዜማ ያደግኩት የእህታቸው ልጅ እንኳ ፈልጌ አላገኘሁላቸውም።

እንዲህ ዓይነት ሰው የሌለበት ቤተሰብ የለም። እንግዳው ጫማውን አስሮ፣ ኮቱን ደርቦ፣ የበሩን እጀታ ሲጨብጥ «ይቺን ብቻ!» ብሎ የሚመልሰው ሰው። የአንዱ እርግብ ነው፣ የሌላው የተፈታታ ሬዲዮ። የእኛው ክቡር ሊቀ ሳንቲማት ደግሞ አሮጌ ሳንቲም ይሰበስባሉ። ቆጣሪ ሊያነብ የመጣው የመብራት ኃይል ሠራተኛ ቆጣሪውን ሳያይ፣ የነገሥታቱን አፍንጫ ግን አንድ በአንድ አጥንቶ ወጥቷል። ልጃቸውን ለትዳር ሊጠይቅ የመጣው ወጣትማ የመጣበትን ረስቶ ተመለሰ።

«ሰውዬ፣ ምግቡ ቀዘቀዘ!» ይላሉ አክስቴ።

«መጣሁ፣ ይቺን ብቻ!»

ከዚያ በአንድ እጅ አጉሊ መነጽር፣ በሌላው ጉርሻ፣ ቆመው። ተቀምጠው ሲበሉ ያያቸው የለም።

ቤተሰቡ ሠርግ በሄደበት ቀን ሌባ በጓሮ መስኮት ገብቶ የሳንቲሞቹን ሳጥን ይዞ ሄደ። ነጋዴዎች የሚቀኑባቸው የብር ሳንቲሞች ነበሩበት፤ አጎቴ ስሟን ያነሷት ግን አንዲት ጥቁር የመዳብ ሳንቲም ብቻ ናት። መጀመሪያ ትምህርት ቤት የሄዱ ዕለት እናታቸው ከሻሻቸው ጫፍ ፈትተው የሰጧቸው ናት። «ጥቁረቷ የእናቴ እጅ ወዝ ነው» አሉ። እህል አልወርድ አላቸው፤ ዘፈኑም ቆመ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የፊት በር ተንኳኳ። አንድ ጎልማሳ ነው፤ ገበያ ውስጥ «አሮጌ ሳንቲም ማን ይገዛል?» ብሎ የጠየቀው ሰው ሁሉ ወደ አጎቴ ጠቁሞታል። በጓሮ የሚያውቀውን ቤት በፊት በር ሲመጣ አላወቀውም።

«አባባ፣ የአያቴ ውርስ ነው» አለና ጨርቁን ዘረጋ። ሳንቲሞቹ እንደ መስታወት አበሩ።

አጎቴ ፊታቸው አመድ መሰለ። «ምን አደረግኻቸው?»

«በሎሚና በአሸዋ ፈተግኳቸው። አዲስ ሆኑ አይደል?»

አሮጌ ሳንቲም ሲታጠብ ዋጋውም አብሮ ይታጠባል።

«መስረቁንስ ስረቅ!» ብለው ጮኹ። «እጠብ ያለህ ማነው?»

አክስቴ በሩን ቆልፈው ፖሊስ ጋ ደወሉ። ሌባው ሊነሳ ሲል አጎቴ ትከሻውን ይዘው አስቀመጡትና ጀመሩ። «ይሄ ንጉሥ ጢም ነበረው። ጢሙን የት አደረስከው? መልስ!» ከጢሙ ወደ ዘውዱ፣ ከዘውዱ ወደ ጦርነቱ፣ ከጦርነቱ ወደ አማቾቹ።

«አባባ፣ በፈጠረዎት… ፖሊሶቹ አልደረሱም እንዴ?»

«ይቺን ብቻ!»

ሌባን በጠመንጃ የያዘ ጀግና ሞልቷል። በገለጻ የያዘ ግን የእኔ አጎት ብቻ ነው፤ ለጠየቀኝ ሁሉ ደረቴን ነፍቼ የማወራው ነው።

ፖሊሱ ሲገባ ሌባው እንደ ወንድሙ ተቀበለው። ሌባው ተይዞ ሊወጣ ሲል እጁን ኪሱ ከትቶ አንድ ነገር አወጣ። «ይቺን ጥቁሯን የማትረባ ስለመሰለችኝ አላጠብኳትም። በምርቃት ልሰጥዎት ነበር።»

አጎቴ ተቀብለው መዳፋቸው ውስጥ ደበቋት።

«እሷስ ምንድን ናት?» አለ ፖሊሱ።

እኔና አክስቴ ረጅሙን ታሪክ ለመስማት ግድግዳ ተደገፍን።

«የእናቴ ናት» አሉ። በቃ። ሊቀ ሳንቲማት ስለ አንድ ሳንቲም ከዚህ አጥሮ ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም።

በሩ ሲዘጋ እጃቸውን ሊታጠቡ ሄዱ። ከውኃው ድምፅ ጋር ዜማው መጣ፤ የቀረውን ስንኝ ይዞ።

«የሄደውን ነገር ይመልሰው ሲሉ፣
እሷን ብቻ ያምጣት፣ ይቅር ሌላው ሁሉ።»

አክስቴ «ምግቡ ቀዘቀዘ» ሊሉ አፋቸውን ከመክፈታቸው በፊት፣ አጎቴ ጥቁሯን ሳንቲም ከሳህናቸው አጠገብ አኑረው፣ ወንበር ስበው፣ ተቀምጠው ጎረሱ።