የአየርላንድ ጭቁኖች በቀበሌያችን ስብሰባ

ታሪክን የሚሠራው ሰፊው ሕዝብ መሆኑ እንደተጠበቀ ሆኖ፣ በ1978 ዓ.ም. አምቦ ውስጥ በአንድ ቀበሌ የተሠራውን ታሪክ ብቻውን የሠራው ሊቀመንበሩ ጓድ ወሰኑ ነው። ጓድ ወሰኑ ንቁ ሰው ነበር። ጠላትን በየጥሻው ሲፈልግ ከርሞ በመጨረሻ ትምህርት ቤት ውስጥ አገኘው።

የእንግሊዝኛ መምህሩ ተድላ ትምህርት ሲያበቃ ተማሪዎቹን «ሶ ሎንግ» ብሎ የመሰናበት ልማድ ነበረው። ልጆቹ ቃሏን ገበያ ድረስ ይዘዋት ወጡ። እናቶቻቸው ከቁም ነገር አልቆጠሯትም፤ ጓድ ወሰኑ ግን የአሜሪካ የአራዳ ንግግር መሆኗን አጣርቶ ደረሰባትና ተድላን በቀበሌው ስብሰባ ለሂስና ግለ ሂስ አቆመው። ጥፋቱ ከጸና ከሥራው ይባረራል። ከዚያ ወዲያ የሚመጣውን በዚያ ዘመን ማንም ጮክ ብሎ አይናገረውም።

ተድላ ድንገት አንድ የቆየ መጽሔት ትዝ አለው። ቀድሞ አብራው ታስተምር የነበረች አየርላንዳዊት አገሯ ስትገባ የተወችለት ነው። ለትምህርት ቤቱ ዘበኛ ለኦቦ ሆርዶፋ በጆሯቸው ነገራቸው። ሽማግሌው በዚያ ዕድሜያቸው ቤቱ ድረስ ሮጠው መጽሔቱን አመጡለት።

ተድላ ቆሞ ተረጎመ። መጽሔቱ ላይ የጻፈው ሰው እንደሚለው አሜሪካኖች የኛ የሚሉት ብዙ የአራዳ ቃል፣ «ሶ ሎንግ»ም ጭምር፣ ሥሩ አየርላንድ ነው፤ ቋንቋቸውን እንግሊዝ የቀማቻቸው ድሃ ገበሬዎች ረሃብ ሲያሰድዳቸው ይዘውት የሄዱት ነው።

ጓድ ወሰኑ ዓይኑ እንባ አቀረረ። «ቋንቋውን የተቀማ ሕዝብ ምን ቀረው?» አለ። ተድላ በጭብጨባ ነጻ ወጣ።

መጽሔቱ የእነዚሁ ጭቁኖች ቅዱስ የሚታሰብበትን በዓልም ያወሳ ነበር፤ መጋቢት 8 ቀን አረንጓዴ ለብሰው፣ ማገጥ የሚባለውን ባለሦስት ቅጠል የሜዳ ተክል ደረታቸው ላይ ሰክተው ይውላሉ ይላል። ቀበሌው የሚካኤልን ዝክር «ምርት ያጓትታል» ብሎ ካገደ ገና ወር አልሞላውም። ይኸኛው ቅዱስ ግን በልጅነቱ በባርነት ተሽጦ የሰው በግ የጠበቀ መሆኑ ስለተረጋገጠ፣ የመደብ ጥያቄው ባንድ ድምፅ ተፈታ። በዓሉ እንዲከበር፣ ማገጥ ሳይሰካ የመጣም እንደ ቀሪ እንዲቆጠር ተወሰነ። ማገጥ በበጋ እንደማይገኝ ከገበሬው በቀር የሚያውቅ አልነበረም፤ ገበሬው ደግሞ አልተጠየቀም። ሕዝቡ ከሁሉቃ ወንዝ ዳር ያገኘውን ሣር ሰክቶ አዳራሽ ገባ።

ጓድ ወሰኑ የአምቦ ውኃ እየተጎነጨ ሁለት ሰዓት ተናገረ። በገዛ ቋንቋው በአደባባይ እንዳይናገር የተከለከለ ሕዝብ ምላሱን እንደተቆረጠ ይቆጠራል አለ። ከዚያም ጥያቄ ያለው እንዲጠይቅ ጋበዘ።

ኦቦ ሆርዶፋ ተነሡ። «አፋን ኬኛ ሆ?» አሉ። የኛስ ቋንቋ ማለታቸው ነው።

ጓድ ወሰኑ ጥያቄው በሥራ ቋንቋ እንዲቀርብ አሳሰበ። ሽማግሌው በአማርኛ ደገሙት። በአማርኛ ሲሰማ ጠባብ ብሔርተኝነት ሆኖ ተገኘ።

ጓድ ወሰኑ ግን ፍርደ ገምድል አይደለም፤ ወደ ተድላ ዞረ። «መጽሔቱ ስለ ኦሮምኛ የሚለው ነገር አለ?»

ተድላ የሽማግሌው ሩጫ ትዝ አለውና አፈረ። ቀና ብሎ ሳያያቸው ገጾቹን ሁሉ አንድ በአንድ ገለጠ።

«የለም ጓድ» አለ። «ስለ አየርላንድ ብቻ ነው።»

ማስረጃ ከሌለ ምን ይደረጋል? ሁለት የአብዮት ጥበቃ ጓዶች ኦቦ ሆርዶፋን ግራና ቀኝ ያዟቸው። ጓድ ወሰኑ ጨዋ ነውና እስከ ደጃፍ ሸኛቸው።

«ሶ ሎንግ፣ ኦቦ ሆርዶፋ» አላቸው።

«ነጋቲ» አሉ ሽማግሌው።

ይቺም ሁለተኛ ጥፋት ሆና በቃለ ጉባኤው እንድትሰፍር ታዘዘ። ቃለ ጉባኤ ያዡ ተድላ ነበር፤ በጥሩ የእጅ ጽሑፉ አሰፈራት። የሁለቱ ቃላት ትርጉም አንድ መሆኑን ግን አልጻፈም።