እትዬ ሀዋ የመረጡት ዕቃ አጣቢ

በዚህ ዓለም ላይ ሲሠራ ማንም የማያየው፣ ሳይሠራ ሲቀር ግን ከደጅ የሚታይ ሥራ ቢኖር ዕቃ ማጠብ ነው። ቤት የሠራ ይመረቅለታል። ያረሰ ገበሬ «ምርቱን ያብዛልህ» ይባላል። ወጥ የሠራች ሴት «እጅሽ ይባረክ» ትባላለች። የወጡን ድስት ያጠበችውን ግን ማን አመሰገናት? እናንተ አመስግናችሁ ታውቃላችሁ? አትፍሩ፣ እኔም አላመሰገንኩም። በልተን፣ እጃችንን ታጥበን፣ አልሐምዱሊላህ ብለን እንነሳለን፤ ሰሀኖቹ በገዛ እግራቸው ሄደው፣ በገዛ እጃቸው ታጥበው፣ ነገ በምሳ ሰዓት ተመልሰው የሚመጡ ይመስለናል። እኔ ጠጉሬ ነጭ ጣል ጣል እስኪያደርግ ድረስ እንደዚያ ሲመስለኝ ኖሯል።

ያነቃኝ የባለቤቴ እጅ ነው።

ባለቤቴ ሰዓዳ ጥልፍ ጠላፊ ናት። መካነ ሰላም ውስጥ የሰዓዳን ጥልፍ ሳትለብስ የተዳረች ሙሽራ የለችም ብል ማጋነን ነው፤ ግን ትንሽ ማጋነን ነው። ካቻምና ክረምት ጣቶቿ መሰነጣጠቅ ጀመሩ። መጀመሪያ በብርዱ አሳበብን። ቅቤ ቀባች፣ ከፋርማሲ የተገዛ ቅባትም ቀባች፤ እየባሰ ሄደ። የሐር ክር ደግሞ የዋዛ ክር አይደለም፤ የተሰነጠቀ ጣት ሲያገኝ ቀሚስ እንደያዘ ቆንጥር ነው የሚሆነው፤ ሲሳብ ጭርጭር ሲል ይሰማል። አንድ ቀን ከመሥሪያ ቤት ስመለስ ነጭ የሙሽራ ቀሚስ ጭኗ ላይ ዘርግታ፣ እጆቿን ከቀሚሱ አርቃ ወደ ላይ ይዛ ተቀምጣለች። ደረቱ ላይ የምስር ፍሬ የምታህል ደም ጠብ ብላበታለች። ሃያ ዓመት አብረን ስንኖር ሰዓዳ በሥራዋ ስታለቅስ ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው።

ሐኪሙ እጇን አገላብጦ አየና «ከውሃና ከሳሙና ይራቁ» አላት። ወጣት ሐኪም ነው፤ ትዳርም ያልያዘ መሰለኝ። ለአንዲት የቤት እመቤት ከውሃና ከሳሙና ራቂ ማለት ከአየር ራቂ እንደማለት መሆኑን ገና አልደረሰበትም።

ሠራተኛ ቅጠሩ የሚሉ ነበሩ። ቀጥረን ነበር፤ ሦስት ወር ሠርታ ዓረብ አገር ሄደች። ጓንት አድርጊ አሏት፤ እጇ ጓንቱ ውስጥ እያላበው ጭራሽ ባሰበት። አንዲት ልጃችን ዩኒቨርሲቲ ናት። ቤት ውስጥ የቀረን ሁለታችን ነን። እናም አንድ ቀን ተነሥቼ «ከዛሬ ጀምሮ ዕቃ የማጥበው እኔ ነኝ» ብዬ አወጅኩ። ይህን ስናገር ደረቴ ከራሴ ሁለት ስንዝር ቀድሞ ነበር።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ የሰበርኩትን ነው የለቀምኩት። በሁለት ሳምንት ውስጥ የብርጭቆው ዘር እየመነመነ መጣ። እሱስ ይሁን፤ የከፋው ሌላ ነው። አንድ ቀን ከቢሮ ሳላስበው ቀደም ብዬ ብመጣ ሰዓዳ ጓሮ ተቀምጣ፣ እኔ ጠዋት አጥቤ የደረደርኩትን ሰሀን በዚያ በቆሰለ እጇ እንደገና ታጥባለች። ለካ በየቀኑ እኔ ከወጣሁ በኋላ ይኸው ነበር ሥራዋ።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት።

«ደስ ብሎህ ስታጥብ ቅር እንዳይልህ» አለችኝ።

ያን ዕለት ማሽን ለመግዛት ወሰንኩ። የቢሮ ባልደረቦቼ ሲሰሙ፣ ዕድሜ ልኩን ማንኪያ አለቅልቆ የማያውቅ ወንድ ሁሉ ስለ ዕቃ ማጠቢያ ማሽን ሊቅ ሆኖ ተነሣ። አንዱ ትልቁን ነው መግዛት አለ። አንዱ በስልኩ ፎቶ አሳየኝ፤ የሚያብረቀርቅ፣ በቁመት ወገቤ የሚደርስ። እኔም ልቤ ትልቁ ላይ ዐረፈ። ሰዓዳ ግን አንድ ነገር ብቻ ነው ያለችኝ፤ «እትዬ ሀዋን ሳትይዝ ደሴ እንዳትሄድ።»

እትዬ ሀዋ የሰዓዳ አክስት ናቸው፤ ያሳደጓትም እሳቸው ናቸው። ዕድሜያቸው ከስልሳ አልፏል፤ የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጡም። በቅሬያችን፣ ሌላው አገር ዕድር በሚለው ማለት ነው፣ የዕቃ አዛዥ የሆኑት እኔ መካነ ሰላም ከመምጣቴ በፊት ነው። ለቅሶ ይሁን ሠርግ፣ ሰዉ በልቶ ሲነሣ እሳቸው ጓሮ ሦስት ሳፋ አሰልፈው፣ እጅጌያቸውን ሰብስበው ይቀመጣሉ። የሙስሊሙ ሥጋ የቀረበበት ሰሀን ከክርስቲያኑ ጋር ተቀላቅሎባቸው አያውቅም። አንድ ጭልፋ ጠፍቶባቸው አያውቅም። ይህን ሁሉ እያወቅኩ ግን፣ ስለ ማሽን እትዬ ሀዋን ማማከር ስለ አውሮፕላን ባለ በቅሎን እንደ መጠየቅ ነው ብዬ በሆዴ ሳቅሁ። በሆዴ ነው እንግዲህ፤ ሰዓዳ ፊት አይሳቅም።

ነገሩን ስነግራቸው አልተገረሙም፤ አልነቀፉምም። «ያላየሁትን አላማም፣ ያላየሁትን አላወድስም፤ እንየው» አሉ።

ማለዳ ሚኒባስ ውስጥ ስንገባ በፌስታል ላይ ፌስታል የተጠቀለለ ከበድ ያለ ነገር ታቅፈዋል።

«እትዬ፣ ስንቅ ይዘዋል እንዴ?»

«የኛ አይደለም። የማሽኑ ስንቅ ነው» አሉኝ።

አቀስታ ስንደርስ ብርዱ መስኮቱን ሁሉ አዘግቶን ስለነበር ከፌስታሉ የሚወጣው የበርበሬና የቅቤ ሽታ መኪናውን ሞላው። ከኋላ የተቀመጠ ሰው «ምሳ የያዘ ሰው ካለ ቢስሚላህ ይበለን» አለ። እትዬ ሀዋ ፌስታላቸውን ጠበቅ አደረጉ። ኋላ እንደተረዳሁት ውስጡ ያለው ገንፎ የደረቀበት ብረት ድስትና ወጥ ያደረባቸው አራት ሰሀኖች ናቸው።

ደሴ አንድ ትልቅ የቤት ዕቃ ሱቅ ገባን። ባለ ሱቁ ትሑት ሰው ነው፤ ወንበር አቀረበላቸው። እኔ ዓይኔን የጣልኩበትን ትልቁን ማሽን ከፍቶ «እትዬ፣ ይሄ የአሥራ አራት ሰው ዕቃ ባንዴ ያጥባል» አላቸው።

«እነሱ ቤት ያለው ሁለት ሰው ነው። አሥራ ሁለቱን እንግዳ ከየት እናምጣለት?»

«እስኪሞላ ማጠራቀም ይቻላል እኮ።»

«የሳምንት ዕቃ አከማችቶ የሚያሳድር ቤት ይመከራል እንጂ ማሽን አይገዛለትም። ውሃውን ከየት ነው የሚያገኝ?»

«ቧንቧ ላይ ይገጠማል፤ ራሱ ይስባል።»

«ቧንቧው ባዶ ሲሆንስ ምን ይስባል? እኛ አገር ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣ።»

ባለ ሱቁ እኔን አየኝ። እኔ ጣሪያውን አየሁ። ወላሂ፣ ስለ ማሽኑ ስናወራ በከረምንበት በዚያ ሁሉ ጊዜ ውሃ የሚባል ነገር ቢሮ ውስጥ አንድም ሰው አላነሣም። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይኼ ነው።

እሳቸው አላበቁም። «መብራት መሃል ላይ ቢሄድበት፣ የት እንደደረሰ ያስታውሳል ወይስ ረስቶ እንደ አዲስ ይጀምራል?»

ሰውየው «እውነቱን ልንገርዎ፣ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም» አለ። ይህን በማለቱ እስከ ዛሬ አከብረዋለሁ። የማያውቀውን አላውቅም የሚል ነጋዴ ባገኛችሁ ቁጥር ከሱ ግዙ።

እትዬ ሀዋ ተነሥተው በሱቁ ውስጥ ይዘዋወሩ ጀመር። ከጥግ፣ የፕላስቲክ አበባ የተቀመጠበት አንድ ትንሽ ነጭ ሳጥን አለ፤ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ዓይነት። አበባውን አነሡና በእጃቸው ዳበሱት።

«ይሄ አናቱ ላይ ያለው አፍ ምንድን ነው?»

«የቱ አፍ?» ባለ ሱቁ ቀረብ ብሎ አየ። እውነትም እላዩ ላይ ክዳን ያላት ቀዳዳ አለች። መመሪያውን ፈልጎ አገላበጠ፤ አነበበ፤ እንደገና አነበበ። «እትዬ፣ ይሄኛው ቧንቧ አያስፈልገውም ለካ! ውሃውን በጆግ ነው የሚሞሉለት። አምስት ሊትር ይበቃዋል ይላል።»

«የጠጣውንስ ወዴት ይተፋል?»

«ከኋላ ቱቦ አለው፤ ባልዲ ውስጥ ይለቀዋል።»

«አብሽር እንግዲህ፣ ውሃ አምጣ» አሉና ፌስታላቸውን መፍታት ጀመሩ።

ሳቅ ሆነ። ሆኖም ውሃው መጣ። ባለ ሱቁ ድስቱንም ሰሀኖቹንም ራሱ ደረደረ፣ ሳሙናውን ጨመረ፣ ቁልፉን ተጫነ፤ ማሽኑም ማጉረምረም ጀመረ። ከአንድ ሰዓት በላይ እንደሚፈጅ ስሰማ «እትዬ፣ እስከዚያ ወጣ ብለን ሻይ እንጠጣ» አልኩ።

«ሠራተኛ ቀጥረህ በመጀመሪያ ቀኑ ብቻውን ትተኸው ትወጣለህ?» አሉኝ። ወንበራቸውን ስበው ማሽኑ ፊት ተቀመጡ። ጆሯቸውን አስጠግተው ያዳምጡታል። ገበያተኛው እየገባ ቆሞ ያያል፤ ማሽኑን ይሁን እሳቸውን እንጃ።

ሲከፈት እንፋሎቱ ወጣ። ሦስቱ ሰሀኖች እንደ መስተዋት ጠርተዋል። አራተኛው ግን ወጡ አለቀቀውም። ድስቱም ቂጡ ላይ ገንፎው ክብ ሠርቶ ቀርቷል። የባለ ሱቁ ፊት ጠቆረ። እሳቸው ግን አራተኛውን ሰሀን በጣታቸው ዳበሱ፤ ጎንበስ ብለውም የነበረበትን ቦታ አዩ።

«ጥፋቱ የሱ አይደለም» አሉ በመጨረሻ። «እጅ የለውም፤ ውሃውን እየወረወረ ነው የሚያጥበው። ሲጮህ ሰምቼዋለሁ፤ ከመሃል ሆኖ ወደ ዳር ነው የሚወረውር። አንተ ይሄን ሰሀን ከድስቱ ጀርባ ሸሸግከው። ውሃው ያላገኘውን እንዴት ያጥበዋል? ፊቱን ወደ መሃል አድርገው።» ሰሀኑን ብቻ መልሰው አስገቡ፤ ፊቱን ወደ መሃል አዞሩት፤ ውሃ በድጋሚ አስሞሉ። ሲወጣ ጠርቷል። ባለ ሱቁ «አጂብ!» አለ። እኔ ስለ አውሮፕላንና ስለ በቅሎ ያሰብኩት ትዝ ብሎኝ አፈርኩ።

መብራቱንም አልተዉትም። ሁለተኛው እጥበት መሃል ላይ ሳለ ሶኬቱን ራሳቸው ነቅለው፣ ትንሽ ቆይተው መልሰው ሰክተውት ነበር፤ ካቆመበት ቀጠለ። ከዚያ ፍርዳቸውን ሰጡ።

«ለሰሀንና ለብርጭቆ ጎበዝ ነው፤ ይዘነው እንሄዳለን። ድስት ግን አይችልም።» ዘወር ብለው ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። «እሱ የማይችለውን አንተ ትችላለህ። ሽቦ ይዘህ ስትፈትግ ሰሀን አይደለ አይሰበርብህ።»

ቆመው ሲያዩ ከነበሩት ሁለቱ እዚያው ዋጋውን ጠየቁ። እትዬ ሀዋ ወደ ባለ ሱቁ ጠጋ ብለው «ይኸው ገበያ አመጣሁልህ ልጄ፤ አንተም አስብልን» አሉት። አሰበልን። በመልሱ ጉዞ ሹፌሩ ካርቶኑን ጣሪያ ላይ ልጫነው ቢል አሻፈረኝ አሉ፤ እስከ መካነ ሰላም ጭናቸው ላይ ይዘውት መጡ።

ሰዓዳ መጀመሪያ አላመነችውም። እትዬ ሀዋ አቀማመጡን አንድ በአንድ አሳዩዋት፤ «እንደ ተማሪ ነው፤ ሁሉም መምህሩን ማየት አለበት» እያሉ። ውሃ የምሞላው እኔ፣ ቆሻሻውን የምደፋው እኔ፣ ድስቱን የምፈትገው እኔ። እጇ ባንድ ጀምበር አልዳነም። ሁለት ወር ገደማ ፈጀ። አንድ ጠዋት ግን ጫማዬን ሳስር «ና እስቲ፣ ስማ» ብላ ጠራችኝ። ሄጄ አጠገቧ ቆምኩ። የሐር ክሩን በጣቶቿ መሃል ቀስ አድርጋ ሳበችው። ምንም አልሰማሁም። «አየህ፣ አይሰማም!» አለችኝ። እየሳቀች ነበር።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ሁላችንም ጥሩ ሰዎች ሆነን እንቀር ነበር። ግን ወሬው ወጣ። በቢሮ በኩል የወጣ ወሬ ደግሞ የቢሮ መልክ ይይዛል፤ «እሱ ማሽን መምረጥ ያውቃል» ተባለ። እሱ እኔ መሆኔ ነው። ከአቀስታ ተደወለልኝ፤ ከወረኢሉ ተደወለልኝ። እኔም ድምፄን ወፈር አድርጌ «መጀመሪያ ቤትህ ስንት ሰው ነው? ውሃስ በፈረቃ ነው?» እላለሁ። ሲከብደኝ «ቆይ መልሼ ልደውልልህ» ብዬ ወደ እትዬ ሀዋ እሮጣለሁ፤ ጠይቄ እመለሳለሁ፤ የራሴ አስመስዬ እናገራለሁ። ሰዎቹ «ባለሙያ ነህ!» ይሉኛል። ዝም እላለሁ። ዝም ማለት ውሸት ነው ትላላችሁ? እኔም ሳስበው ከረምኩ።

ባለፈው ሰሞን አላስችል አለኝና ልናዘዝ ሄድኩ። የሠርግ ማግሥት ነበር። እትዬ ሀዋ ቅሬው ጓሮ፣ ሦስቱ ሳፋዎች ፊት፣ እስከ ክርናቸው አረፋ ውስጥ ናቸው፤ ከጎናቸው የተከመረው ሰሀን ቁመታቸውን ያህላል።

«እትዬ፣ አውፍ ይበሉኝ፣ ይቅር ይበሉኝ» አልኩ። «የርስዎን ዕውቀት በስሜ ስነግድበት ነው የከረምኩት። ሰዉ የሚያመሰግነው እኔን ነው። ከአሁን በኋላ ለሚደውለው ሁሉ የርስዎን ስልክ ልስጥ።»

ቀና ብለው አዩኝ። በተጠቀለለ እጅጌያቸው ግንባራቸውን ጠረግ አደረጉ።

«ተው እንጂ ልጄ! ስልክ ሳነሣ ብውል ይሄን ሁሉ ማን ያጥበዋል? አንተ አውራ፤ እኔ ሥራ አለብኝ።»

ስልኬ ኪሴ ውስጥ ጮኸ። ከደጎሎ ነበር። እኔም፣ ምን ላድርግ፣ ማውራት ጀመርኩ።