በዘውዴ ባና ላይ የተሰፋው አውሬ

እኔ ልሙት፣ ከዚህ በታች በምጽፈው ውስጥ የተጨመረች አንዲት ቃል የለችም። በዚህ ዕድሜ በነፍሴ መማል ብዙም እንደማያስከብረኝ አውቃለሁ፤ የቀረችኝ ትንሽ ናትና። ቢሆንም ያለኝን ነው የማስይዘው።

ሰው ንብረቱን የሚጠብቅበት ዘዴ ሞልቶታል። እርሻውን በድንበር ድንጋይ ይከልላል፣ የበጉን ጆሮ በጥቶ ይለቀዋል፣ ጎተራውን ይመርጋል። ምልክትን ግን በምን ይጠብቁታል? በግ ሲሰረቅ በረቱ ይጎድላል። ምልክት ሲሰረቅ ምንም አይጎድልም፤ እቤትህ እንደ ወትሮው ተቀምጦ ያይሃል፣ ሌባውም ቤት ተቀምጦ ሌባውን ያያል። ታዲያ ተሰረቅሁ ብለህ ብትጮህ ማን ይሰማሃል? በዚህ ነገር ከሞላሌው ዘውዴ የበለጠ የተጨነቀ ፍጡር በጃንሆይ ዘመን አልነበረም፤ ከዚያ ወዲህም መኖሩን እጠራጠራለሁ።

ዘውዴ ጎረቤቴ ነበር። ሥራው ባና፣ ያ ከበግ ጠጉር የሚሠራ ወፍራም የብርድ ልብስ ነው። በእርግጥ መንዝ ውስጥ ባና የማይሞክር ወንድ ማግኘት ያስቸግራል፤ ያን ብርድ የማይችል ሰው ወይ የበግ ጠጉር ይሠራል ወይ አገር ይለቃል። እኔም ራሴ ለሰው ማመልከቻ ከመጻፍ በተረፈኝ ጊዜ እሞካክር ነበር። የዘውዴ ባና ግን ሌላ ነው። በሐምሌ ጉም መካከል እሱን ደርቦ ላብ በላብ የሆነ ሰው በዓይኔ አይቻለሁ። አንዲት ሴት እንቁላል ጠቅልላበት ገበያ ብትሄድ መንገድ ላይ ጫጩት ሆኖ ጠበቃት ይባላል። ይህን እንኳ አላየሁም፤ ጫጩቶቹን ግን አውቃቸዋለሁ።

አንድ ባና ባለቀ ቁጥር ሚስቱ አስካለ ጥጉ ላይ በቀይ ክር አንበሳ ትሰፋበታለች። አንበሳ መሆኑን የምታውቀው እሷ ናት። ገበያተኛው “ድመቷ ያለችበትን ስጠኝ” እያለ ነው የሚገዛው። አስካለ ይህን በሰማች ቁጥር ጎፈሩን ታወፍረዋለች፤ ጎፈሩ በወፈረ ቁጥር ደግሞ ድመቷ አንገቷን ብርድ የመታት እየመሰለች ሄደች።

በአንድ ክረምት መግቢያ ላይ መሐል ሜዳ ገበያ ድመት በዛበት። ዘውዴ ያልሠራው ባና፣ አስካለ ያልሰፋችው አውሬ። የደብራችን ቄስ መምሬ ወልዴ የዘውዴ መስሏቸው አንዱን ገዙ። ከቤታቸው ሲወጡ እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ይወርድ ነበር። መንገድ ላይ ዝናብ ያዛቸው። ቤተ ክርስቲያን ሲደርሱ ባናው ወገባቸው ላይ ነበር፤ ቅዳሴ ተፈጽሞ ሲመለሱ የአንገት ልብስ ሆኗል። አልተሳደቡም። ዘውዴ ደጅ መጥተው አንገታቸውን አሳይተውት፣ ምንም ሳይናገሩ ሄዱ። የመምሬ ወልዴን ዝምታ የማያውቅ ሰው ይህ ቀላል ይመስለው ይሆናል።

ከዚያ የባሰው የደብረ ብርሃኑ ነጋዴ ነው። ይህ ሰው በዓመት ሁለት ጊዜ መጥቶ የዘውዴን ሥራ ሁሉ ጠቅልሎ የሚወስድ ደንበኛ ነበር። እሱም የዘውዴ መስሎት ከገበያ የጨመረው ባና ተኮማትሮ ደንበኞቹ ፊቱ ላይ ወርውረውበታልና ጥምቀት ሲደርስ ለመጨረሻ ጊዜ እንደሚመጣ ነገረው። ያን ጊዜ የዘውዴ ባና ከሌላው የሚለይበት የታመነ ነገር ካላየ፣ ከዘውዴም ከማንም አይገዛም። ዘውዴ ደግሞ ከሁለት ጥማድ ገብስ በቀር ሌላ መተዳደሪያ የለውም። ያቺ ቀይ አውሬ ከሞተች ቤቱ መፍረሱ ነው።

ምልክቱን የሚሰርቀው ሰው ቀየት ከሚባለው ከጎረቤት አገር በኩል ነው ተባለ። ተሰማ እንበለው። መልከ ቀና፣ ጨዋታ አዋቂ፣ እጀ ቀልጣፋ ሰው ነበር፤ ነውሩ ፈትሉን በችኮላ ማላላቱ ብቻ ነው።

ዘውዴ ጎመድ ይዞ ቀየት ሊወርድ ሲነሳ ያቆምሁት እኔ ነኝ። ዱላ ኋላ ቀርነት ነው፤ ዘመኑ የወረቀት ነው፤ አዲስ አበባ ሄደህ ምልክትህን በመንግሥት መዝገብ አስጽፍ አልሁት። ማመልከቻውን እኔው ጻፍሁ፤ ያን የመሰለ ማመልከቻ ለርስት ክርክር እንኳ ጽፌ አላውቅም። እስከ ጣርማ በር በበቅሎ፣ ከዚያ ወዲያ በመኪና፣ የእህል ጭነት ላይ ተቀምጠን፣ አንድ ባና አቅፈን ገባን።

የተቀበለን ጸሐፊ ክራባት ያሰረ ትሑት ወጣት ነበር። ባናውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ጥጉን ተመለከተና ይህ ምን እንደሆነ ጠየቀ። ዘውዴ ደረቱን ነፍቶ አንበሳ መሆኑን ነገረው። ጸሐፊው ብዕሩን አስቀመጠ። አንበሳ የዘውድ ነው፤ በባንዲራውም በማኅተሙም ላይ ያለ ነው፤ ለብርድ ልብስ መጠቀሚያ አይመዘገብም አለ። እንግዲህ ሦስት ቀን ተጉዘን የመጣነው ይህን ለመስማት ነው? ዘውዴ ሊያለቅስ ደረሰ። ልጁም አዘነ መሰለኝ፣ ባናውን ወደ መስኮቱ አዙሮ ደግሞ አየው። “አባቴ፣ በደንብ ሲያዩት ድመት አይመስልዎትም?” አለ።

ዘውዴ ዞር ብሎ በሩን አየ። ከዚያ በቀስታ፣ “ጌታዬ፣ ባለቤቴ ያለችው ሞላሌ ነው” አለ። “እዚህ ድመት ይሁን። እዚያ አንበሳ ነው።”

በዚህ ስምምነት ተመዘገበ። ማስጠንቀቂያውም በጋዜጣ ወጣ፤ ማንም ሰው ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በምልክቱ ቢጠቀም በሕግ እንደሚጠየቅ የሚናገር፣ ማኅተም የሚያክል ጽሑፍ። ጋዜጣው መሐል ሜዳ ደረሰ። ባለሱቁ ጨው ጠቀለለበት። ዘውዴ ወረቀቱን ከፍ አድርጎ በገበያው መካከል ሲመላለስ ሰዉ የግብር ማዘዣ መስሎት መንገድ ይለቅለት ጀመር እንጂ የተሰማ ድመቶች ንቅንቅ አላሉም።

ጥቅምት አለፈ፣ ኅዳር አለፈ። በታኅሣሥ አስካለ ተነሳች። ወረቀት የሚፈራው ማንበብ የሚችል ነው፤ ግዝት ግን ሁሉም ይፈራል ብላ ወደ መምሬ ወልዴ ሄደች። መምሬ ለጉዳዩ ሩቅ አልነበሩም፤ አንገታቸው ላይ ተጠምጥሟል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላሙ ላይ ቆመው፣ የጋዜጣውን ቃል ከእኔ እጅ ተቀብለው ማንም ሰው የዘውዴን ምልክት በባና ላይ ቢያኖር፣ በሦስት መቶ ዐሥራ ስምንቱ ሊቃውንት ቃል እንደ አርዮስ የተወገዘ፣ እንደ ይሁዳ የተለየ ይሁን ብለው አወገዙ። እግዚኦ መሐረነ ተባለ። ሕዝቡ መሬት አየ። እኔም አየሁ።

ከዚያ ሳምንት ጀምሮ በመንዝ ምድር አንድም የሐሰት ድመት አልታየም። አዲስ አበባ በመዝገብ ያላደረገውን መምሬ በአንድ ትንፋሽ አደረጉት። ዘውዴ ፈነደቀ፤ የሠራቸውን ዐርባ ባናዎች ከምሮ አስካለን ስፊ አላት።

አስካለ መርፌውን አነሳች፣ ክሩን አስገባች፣ ከዚያ መርፌውን አስቀመጠች።

መምሬ “ያለ ባለቤቱ ፈቃድ” የምትለዋን ቃል ዘልለዋት ነበር። “ማንም ነው ያሉት” አለች አስካለ። “እኔ ማንም አይደለሁም ብዬ ከመላእክት ጋር ልከራከር?”

በዓለም ላይ እንዲህ የተጠበቀ የንግድ ምልክት ተሰምቶ ያውቃል? ባለቤቱ እንኳ አይደርስበትም። ዐርባ ባና ራቁቱን ተከምሯል፣ ጥምቀት በር ላይ ነው፣ ነጋዴው የሚያውቀው ምልክቱን ነው። መምሬ ዘንድ ብንሮጥ ተረጋግተው ተቀበሉን። ቃሏን የዘለሏት ሆን ብለው ነው፤ ግዝት ውስጥ ፈቃድ የሚባል ነገር ከገባ ነገ ሁሉም ፈቃድ አለኝ ይላል አሉ። ታዲያ ይፍቱት ብንላቸው፣ “ልጆቼ፣ የታሰረው ስለ ጥፋተኛው ነው” አሉ። “እሱ መጥቶ አጠፋሁ ሲል ያን ጊዜ እፈታለሁ።” ቀጥለውም የአንገት ልብሳቸውን አስተካከሉ።

ተሰማም በበኩሉ ሰላም አልነበረውም። ዶሮው ሞተች፣ ግዝቱ ነው አለ። በሬው አነከሰ፣ ግዝቱ ነው አለ። ጥርሱን ሲያመውማ የትኛው ሊቅ እንደሆነ ለመለየት ሞከረ። ግን የበላው ይህ ሁሉ አይደለም። አስካለ ከዐርባው ባና አጠገብ እጇን አጣጥፋ የተቀመጠችው አቀማመጥ ነው። ከከተራ ሦስት ቀን ቀደም ብሎ፣ የወፍጮ መጅ የሚያህል ድንጋይ ማጅራቱ ላይ ተሸክሞ፣ ዘውዴ ደጅ መጥቶ አጠፋሁ እያለ ተደፋ።

ዘውዴ ያን ጎመድ ፈልጎ አጣው። አስካለ ግን የሐሰቱን ባና አምጣ አለችው። ጥጉን በጣቷ ዳሰሰች፣ እኛ ሁላችን ያላየነውን አየች።

“ማን ነው የሰፋው?” አለች።

“እኔው ነኝ፣ እመቤቴ።”

“ጎፈሩን እንዴት እንዲህ አወጣኸው?”

ነገሩ ይህ ነው፤ የሌባው አንበሳ አንበሳ ይመስል ነበር። ስርቆቱን ይቅር ልትል ትችል ይሆናል፤ ይህን ግን በቀላሉ አልማረችውም። መምሬ ግዝቱን እንደ ፈቱ ሰውየውን አጠገቧ አስቀምጣ፣ ዐርባውን አውሬ ልክ እንደ እሷ አድርጎ እንዲሰፋ አዘዘችው። አንበሳ ባስመሰለ ቁጥር አስፈታችው። ሁለት ቀን ሙሉ ጎፈር ሲያበላሽ ዋለ። ነጋዴው በጥምቀት ማግስት መጣ፤ ወረቀቱን አነበበ፣ ጥጉን አየ፣ ዐርባውንም ጫነ። መምሬም ከዘውዴ እጅ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ አዲስ ባና ተካሱ።

በነፍሴ ምያለሁና አንዲት ትንሽ ነገር ላስተካክል። ከቀየት የመጣ ተሰማ የሚባል ሰው አልነበረም። ቀየቶች ምን በወጣቸው፤ ድንጋዩን የተሸከምሁት እኔ ነኝ፣ ከእኔ ደጅ እስከ ዘውዴ ደጅ ሃያ እርምጃ ነው። ዱላውን ትቶ አዲስ አበባ ድረስ ይሂድ ብዬ የመከርሁትም ወረቀት ሞላሌ ድረስ እንደማይደርስብኝ ስለማውቅ ነበር። የቀረው ሁሉ እውነት ነው፤ መልከ ቀና ያልሁትም ጭምር።