ሰባት ቤት በአመክንዮ ሲቆጠር

አስተማሪ የሚያስተምረውን ያውቃል ብሎ የሚያምን ሰው ካለ፣ አስተምሮ አያውቅም ማለት ነው። እኔ ፍኖተ ሰላም ውስጥ አመክንዮ አስተምራለሁ። ሁለት መነሻ ሐሳቦች በደንብ ከተጋጠሙ ድምዳሜው ሳይወድ በግዱ ይወለዳል እያልኩ ጠመኔ ስፈጭ ዓመታት አልፈዋል። «በሬ ሁሉ ቀንድ አለው፤ ቦራ በሬ ነው፤ ስለዚህ ቦራ ቀንድ አለው» ስል አንዲት ተማሪ፣ እኛ ቤት ቀንድ የሌለው በሬ አለ አለችኝ። መነሻው ሐሰት ከሆነ ድምዳሜው አያስተማምንም ብዬ እሱንም ትምህርት አደረግሁት። እንዲህ ያለ ብልጥ ነበርኩ።

ታናሽ ወንድሜ ይበልጣል ቡሬ አጠገብ ካለ ቀበሌ የዝና የምትባል ልጅ ወደደ። ካላገኘኋት አገር ጥዬ እጠፋለሁ አለ፤ የሚያደርገው ሰው ነው። እናታችን እህል መቅመስ ተወች። ሽማግሌ ይላክ ተባለና አጎቴ፣ የንስሐ አባታችንና «የተማረ ሰው ይጨመር» ተብሎ እኔ ተላክን። የተማረ ይግደለኝ ያለው ሰው ምን ታይቶት እንደሆነ ያን ቀን ገባኝ።

የልጅቱ አባት አያ እጅጉ ናቸው። ጉዳያችን ካልተሰማ አንቀመጥም ብለን እንደ ወጉ ቆምን፤ እሳቸውም እንደ ወጉ ተግደርድረው አስቀመጡን። ጠላ ቀረበ። አጎቴ ነገሩን ከሩቅ ጀምረው አመጡት። አያ እጅጉ ግን ዝም።

እዚህ ላይ የአገሬን አመል ልናገር። ጎጃሜ ከቡሬ ተሳፍሮ ማንኩሳ ሳይደርስ አጠገቡ ከተቀመጠው ሰው ጋር ይዛመዳል። በአያት ካልሆነ በክርስትና ልጅ። ማን ይመረምራል? ዘመድ ነን ማለት እንደ ደህና ዋልክ ነው። ዝምታው ሲከብደኝ ሳይጠሩኝ አቤት አልኩ። «አያ እጅጉ፣ እኛኮ ባዳ አይደለንም። የአያቴ እናት የአንቱ አያት እኅት ነበሩ ሲባል ሰምቻለሁ» አልኳቸው።

አጎቴን ጠላው ትን አላቸው። የትምህርት ቤት ደጅ ያልረገጡት አያ እጅጉ ቀስ ብለው በጣታቸው ቆጠሩና፣ በሰባት ቤት ውስጥ የሚገናኝ አይጋባም፤ አንተ እንዳልከው ልጆቹ አራት ላይ ተገናኙ፤ እንግዲህ ወንድምና እኅት ናቸው፣ ጠላችሁን ጠጡ አሉ። ዐቢይ መነሻ፣ ንዑስ መነሻ፣ ድምዳሜ! ንዑሱን ያዋጣሁት እኔው ነኝ። ከአፍ የወጣ አፋፍ።

የወንድሜ ፊት ድቅን አለብኝ። ከልቤ አፈርኩና፣ ይማሩኝ፣ ዋሽቼ ነው አልኩ።

እሱንማ አውቃለሁ አሉ አያ እጅጉ፤ ሰባት ቤት ሳልቆጥር ሽማግሌ በደጄ አስገባለሁ? ዘመድ ከሆንን በሃይማኖት አልሰጥም፤ ካልሆንን ደግሞ ቤታችሁ ውሸታም አለበት፣ ለውሸታም ቤት አልሰጥም። እኛ የአመክንዮ አስተማሪዎች ይህን ባለ ሁለት ቀንድ ሙግት እንለዋለን፤ ለማስረዳት ሳምንት ይፈጅብኛል።

አጎቴ ተነሡና፣ «አያ እጅጉ፣ ይህን ልጅ ትምህርት ወስዶታል፣ ከቤታችን አንቆጥረውም» አሉ። የንስሐ አባታችንም በአዎንታ አንገታቸውን ነቀነቁ። አያ እጅጉም፣ ይህስ ያስኬዳል፣ ብቻ ሠርጉ ላይ እንዳላየው አሉ።

ጥር ላይ ተጋቡ። የይበልጣል ወንድም የሆነ ሁሉ በላ፣ ጠጣ፣ ጨፈረ። እኔ ፍኖተ ሰላም ቁጭ ብዬ ፈተና ሳርም ዋልኩ። ድምዳሜውን እናንተው ጻፉት፤ እኔ መላልሼ መርምሬዋለሁ፣ ስሕተት የለበትም።